ካሳነሽና የከብት ሐኪሙ

በዚያ ዓመት በርበሬው እንደ ጉድ ነበር። ኅዳር ሲገባ ከጅጋ ዝቅ ብሎ ባለው አገር ደጁ ሁሉ ቀላ። አውድማው፣ የቤቱ ዙሪያ፣ የአጥሩ ጥግ አልቀረም፤ ሰሌን ያለው በሰሌን፣ የሌለው በተለቀለቀ መሬት ላይ በርበሬውን ዘርግቶ ያገላብጣል። ፀሐዩ ከረር ሲል ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል። ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ያስነጥሳል። ቄሱ እንኳ ጠበል ሊረጩ መጥተው «በስመ አብ» ብለው ሳይጨርሱ አስነጠሱና ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እንባ እየወረደ የሚሳቅበት ወቅት ነበር። አሁን ሲያስቡት ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ ነው የሚታወስ።

በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል አንዲት የማትስቅ ሴት ነበረች። ካሳነሽ ትባላለች፣ የሰይፈ ሚስት፤ ያኔ ሃምሳን ተሻግራለች፤ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ የማያርፍ። ማስነጠስ ሲመጣባት የያዘችውን ትጥላለች። አንዳንዴ ቁጢጥ ትላለች፤ አንዳንዴ እግሯን አጠላልፋ አጥሩን ጨብጣ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ አፍና ትውጠዋለች። ጎረቤቶቿ ካሳነሽ ማስነጠስም ትሰስት ጀመር እያሉ ያፌዙባታል። እሷም አብራ ታፌዛለች። ነገር ግን ባስነጠሰች ቁጥር ከሆዷ ሥር አንድ ነገር ሸርተት ብሎ ይወርድና በእግሮቿ መካከል እንቁላል አክሎ ይቀመጣል። ስትተኛ ይመለሳል። ጠዋት ውኃ ቀድታ ስትመለስ እንደገና ይወጣል።

ነገሩ ከጀመራት ሰንብቷል። የመጨረሻ ልጇን ምስክርን ስትወልድ ምጡ ጸንቶባት ነበር፤ በዚያ ላይ አርባ ቀኗ ሳይሞላ አጨዳ ደርሶ ነዶ ተሸከመች። ያኔ ክብደት ብቻ ነበር የሚሰማት፤ አንድ ነገር ከሥር የሚጎትታት ያህል። ከዓመት ወደ ዓመት ግን ወረደ። መጀመሪያ በእጇ የነካችው ቀን አንጀቷ የወጣ መስሏት በጀርባዋ ተኝታ ሞቷን ጠበቀች። ሞቱ አልመጣም። ተነስታ ራት ሠራች።

ካሳነሽ እኮ ከልጅነቷ ነገር ካላወቀች እንቅልፍ የማይወስዳት ነበረች። ዶሮ ሲታረድ ሆድ ውስጥ ያሉትን ገና ያልተወለዱ እንቁላሎች ከትልቁ እስከ ሽምብራ እስከሚያህለው ደርድራ ታያለች። መሠረተ ትምህርት የገባ ጊዜ ከልጃገረዶቹ ሁሉ ቀድማ ፊደል የለየች እሷ ናት፤ አስተማሪውንም ነፋስ ሲያቆም ወዴት ነው የሚሄድ ብላ ጠይቃ ዳሱን አስቃለች። ስለ ገዛ ገላዋ ግን የሚጠየቅ አልነበረም። እናቷ ሞታለች። ለጎረቤት መንገር ለገበያ መንገር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ። ምንድን ነው? ሥጋ ነው ወይስ ደዌ? ከየት ተነስቶ ነው የሚወርድ? አንድ ቀን ሁሉም ወጥቶ ቢያልቅስ?

መልስ ስታጣ መላ መታች። መቀነቷን አጠበቀች። ከላይ ከታሰረ ከታች አይወርድም ብላ ሆዷን ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች። በጠበቀ ቁጥር ይብስባታል፤ በባሰ ቁጥር ደግሞ ታጠብቃለች።

ከሁሉም የከበዳት የሰይፈ ነገር ነበር። ሰይፈ ደግ ባል ነው፤ ቃሉ ጥቂት፣ እጁ ፈጣን። እንዳያውቅባት ብላ መኝታዋን ወደ መደቡ አወረደች። ለምን ሲላት ወገቤን አለች። ወገቧ ሲሰነብት ጾም ነው አለች፤ ጾሙ ሲፈታ ስለት ነው አለች። ምክንያት ሁሉ ሲያልቅባት ትልቁን ምክንያት አገኘች። ቆብ ልጭን ነው አለች።

በዚያ አገር ሴት ወልዳ ከብዳ፣ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ካበቃች በኋላ ዓለም በቃኝ ብላ መመንኮሷ ያለ ነው፤ ይከበራልም። ባል ከፈቀደ አልጋው ይለያል፣ ሀብቱ ይካፈላል፤ እሷም ከደብሩ ሥር ካሉት የመነኮሳይት ጎጆዎች ወደ አንዱ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም። ካሳነሽም የፈለገችው ይህንኑ ለምን የማይባልበትን ቦታ ነበር።

የንስሐ አባቷ ቄስ ባምላኩ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። የልጅ ልጅ ማቀፍ ገና የጀመርሽ ሴት፣ ባልሽ ሳይበድልሽ፣ ዓለም እንዴት ሰለቸሽ ብለው ደጋግመው ጠየቋት። ሰለቸኝ አለች። ሰይፈን ለብቻው ጠሩት። ሰይፈ ለእግዜር ከሆነ እኔ ማን ነኝ አለ። ቀኑም ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ተቆረጠ። ከዚያ ጀምሮ ሰይፈ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። ሲገባ አስፈቅዶ የሚገባ ይመስላል። ካሳነሽ የምትወደውን ሰው ትታ ወደማትፈልገው ቦታ ልትሄድ ነው፤ ያውም ምን እንደሆነ ለማታውቀው ነገር ስትል።

ታኅሣሥ ላይ ዳልቻዋ ላማቸው ወለደች። ጥጃው በሰላም ወጣ። ከጥጃው በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ማህፀኗ ተገልብጦ እንደ ትልቅ ቀይ ስልቻ ከኋላዋ ተንጠለጠለ። ሰይፈ ጋቢውን እንኳ ሳይለብስ ጅጋ ድረስ ሮጠና የከብት ሐኪሙን ይዞ መጣ፤ ሲመለስ ከሞተር ሳይክሉ ኋላ ተፈናጦ ነበር። ሐኪሙ ያረጋል ይባላል፤ የደጋ ዳሞት ልጅ፣ ፈረስ ቤት ተወልዶ ያደገ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው።

ያረጋል እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ከሥር የሚደግፍልኝ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሊያዩ የተሰበሰቡት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። ካሳነሽ ወጣች። የዓመት በዓል ነጠላዋን አምጥታ ማህፀኑን ደግፋ ያዘች። እሱ ለብ ባለ ውኃ ሲያጥበው፣ ጭዱንና እበቱን ሲለቅምለት፣ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ስኳር አምጡ አለ። ሰው ሳቀ፤ ላሟን ሻይ ሊያጠጣት ነው አለ አንዱ። ለምን ብላ የጠየቀች ካሳነሽ ብቻ ናት። ስኳር ካበጠ ሥጋ ላይ ውኃውን ይስበዋል፣ እብጠቱ ሲጎድል መመለሱ ይቀላል አላት። እውነትም ጥቂት ቆይቶ ሲያፈገፍግ አየችው። ያረጋል በጡጫው ቀስ እያለ ገፍቶ ወደ ቦታው መለሰው፣ ሰፋውም። ላሟ ተነስታ ጥጃዋን ትልስ ጀመር።

ሰው ሲበተን ካሳነሽ ማስታጠቢያውን ይዛ ቆመች። እጁን እያስታጠበች የጥያቄ መዓት አወረደችበት። ምን ይዞት ነበር? ጅማት። ጅማቱን ምን አገኘው? አምጣ ስትገፋ ላላ። ተመልሶ ይወጣል? ሊወጣ ይችላል።

«እርግማን ይሆን እንዴ?» አለች።

«ላምን ማን ይረግማታል እናቴ?» አለ ያረጋል ውኃውን እያራገፈ። «ሕመም ነው እንጂ።»

ሲሄድ ያን ቃል ይዛ ቀረች። ላምን ማን ይረግማታል?

በማግስቱ ቤቱ ጭር ሲል ጓዳ ገብታ፣ በሩን ቀርቅራ፣ የተረፈውን ስኳር ለራሷ ሞከረችው። አይ ካሳነሽ! ለላም የሠራ ለሰው እንዴት አይሠራም ብላ እኮ ነው። መጀመሪያ የተሻላት መሰላት፤ መልሳ አስገባችውና መቀነቷን አጠበቀች። ከዚያ ማሳከክ ጀመራት። ማሳከኩ ማቃጠል ሆነና መቀመጥ ከለከላት። በዚህ ላይ ሰይፈ ስኳሩ ወዴት ገባ እያለ ይፈልጋል፤ ጉንዳኑም በመደቡ ሥር ተሰልፎ ይሄዳል። በድመቷ እንዳታሳብብ ድመት ስኳር አትበላ።

የጅጋ ገበያ ሲደርስ ዕቃ ልግዛ ብላ ወጣች። ገበያውን አልፋ የከብት ክሊኒኩ ዘንድ ሄደች። ፍየል ያመጣው በፍየሉ፣ አህያ ያመጣው በአህያው ተራ ይዟል፤ ካሳነሽ ምንም ሳትይዝ ከኋላ ተሰለፈች። አንድ ገበሬ፣ እርስዎ ደግሞ ራስዎን ነው እንዴ ሊያስወጉ የመጡ ብሎ ቀለደባት። እሷም ተራ ከደረሰኝ ምን ከፋኝ ብላ መለሰችለት። ሰው ሁሉ እስኪያልቅ ጠብቃ ገባች።

ያረጋል አወቃትና ላሟ እንዴት ናት አለ።

«ያችኛዋ ደኅና ናት። ስለ ሌላ ላም ልጠይቅህ ነበር።»

«የማን ላም?»

«የጎረቤት።»

ከወለደች ምን ያህል ሆናት ብሎ ጠየቀ። ዓመታት አለችው። ያረጋል ግንባሩን ቋጠረ፤ ከወለደች ዓመታት የሆናት ላም እንዲህ አትሆንም። ስትተኛ ይመለሳል ወይ አለ። ይመለሳል አለች። ታዲያ መቼ ነው የሚወጣ?

«ስታስነጥስ» አለች ካሳነሽ። «ደግሞም እንስራ ስትሸከም።»

ያረጋል የያዘውን መርፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካሳነሽ የተናገረችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ልጁ ግን የሰው ልጅ ነበር፤ አልሳቀም፣ ገልጦም አላሳፈራት። ላሟን ላም አድርጎ ተዋት።

«እናቴ፣ እንደዚያ ላለችዋ ላም እኔ አልሆንም» አለ ቀስ ብሎ። «ባለቤቴ ሠርክአዲስ እዚሁ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። እሷ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ታያለች። ልደውልላት?»

«ብዙ ጊዜ?» አለች ካሳነሽ በነጠላዋ ውስጥ ሆና።

ከሁሉ የገረማት ይህ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ሁሉ ተለይታ የተመታች መስሏት ነው የኖረች። እንግዲህ በጅጋ መንገድ ሸክም ተሸክመው ከሚያልፉት ሴቶች መካከልም እንደሷ እግራቸውን አጠላልፈው የሚያስነጥሱ አሉ ማለት ነው። ደውልላት አለች።

ሠርክአዲስ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ካሳነሽን ጤና ጣቢያው ተቀብላ፣ መጋረጃውን ዘግታ ይፈቅዱልኛል ወይ ብላ አስፈቅዳ መረመረቻት። ይሳሉ፣ ያምጡ አለቻት፣ አስተኝታም አስነስታም አየች። ሲያበቃ እጇን ታጥባ አጠገቧ ተቀመጠች። የበሰበሰ ነገር የለም፣ አንጀትም አይደለም፣ የወረደው ማህፀንዎ ነው፤ የሽንት ፊኛዎም አብሮ ዘንበል ብሏል አለቻት። የሚያቃጥለው ምን ነክቶት ነው ብላ ስትጠይቃት ካሳነሽ የስኳሩን ነገር ተናገረች። ሠርክአዲስ ከንፈሯን ነክሳ ልትችለው ሞከረች፤ አልቻለችም፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ይቅር ይበሉኝ እናቴ ስትል ካሳነሽንም ሳቁ ይዟት አብራት ፈነዳች። ለቃጠሎው መድኃኒት ተሰጣት፤ ስኳር ለሻይ ብቻ እንዲሆን ታዘዘች።

ከዚያ ካሳነሽ መጠየቅ ጀመረች። ያልተጠየቀ አልቀረም። ሠርክአዲስም የምትቸኩል ሴት አልነበረችም።

«የጠፍር አልጋ ያውቃሉ አይደለም?» አለቻት። «ከሆድ በታች ያለው ሥጋ እንደዚያ ነው፤ ማህፀኑንም ፊኛውንም ከሥር ተሸክሞ የሚኖር። ወሊድ ሲደጋገም፣ ምጥ ሲበረታ፣ አራስነት ሳይጠና ሸክም ሲመጣ፣ ጠፍሩ ይረግባል። የተኛው ወደ ታች ይሰረጉዳል።»

«የረገበ ጠፍር ውኃ ነክረው ይወጥሩታል» አለች ካሳነሽ። «ሥጋስ?»

ሠርክአዲስ ጥያቄው ደስ አላት። ጥቂት የረገበ እንደሆነ ሥጋውን በማለማመድ ይጠናል አለቻት፤ ሽንትን ለማቋረጥ እንደሚደረገው ወደ ላይ ሰብስቦ መያዝና መልቀቅ፣ በየቀኑ፣ ሥራ እየሠሩም ይሆናል። የርስዎ ያህል ሲወርድ ግን ያ ብቻውን አይበቃም፤ ከውስጥ ገብቶ የሚደግፍ ለስላሳ ቀለበት አለ፤ ቀዶ ሕክምናም አለ። የትኛው እንደሚስማማዎ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች አይተው ይነግሩዎታል፤ መምረጡ ግን የርስዎ ነው አለቻት። ዝም ብተወውስ አለች ካሳነሽ። ይህ በራሱ ገዳይ አይደለም፣ ግን እየተፋተገ ይቆስላል፣ ሽንትም ያስቸግራል አለቻት።

መቀነቷን መልሳ ስትጠመጥም ሠርክአዲስ እጇን ያዘችው።

«ይህን ያህል ለምን?»

«እንዳይወርድ ነዋ።»

«ሙሉ ጆንያ ወገቡን ጠፍረው ቢያስሩት እህሉ ወዴት ይሄዳል?»

ካሳነሽ አሰበች። ከላይ አፉ ከታሰረ ወደ ታች ነው የሚሄድ። ታች ያለው ስፌት ደግሞ የላላ ከሆነ... አስባ ሳትጨርስ መቀነቷን አላላች። ስንት ዓመት ወደ ታች ስትገፋው እንደኖረች ያኔ ገባት።

በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰችና፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ እንዲህ የሆነች ሴት ከባሏ ጋር አልጋ መጋራት ይከለከላል ወይ አለች። አይከለከልም አለቻት ሠርክአዲስ። መጀመሪያ ቃጠሎው ይዳን፤ ከዚያ በፍቅርና በቀስታ ነው፤ ለባልዎም ይንገሩት፤ የሚያስጠላ ነገር የለብዎትም።

ጥር እያለቀ ነበር። ኪዳነ ምሕረት ቀርቧል፤ የቆቡ ጨርቅ ተገዝቶ መሶቡ ላይ ተቀምጧል። ካሳነሽ ግን ነገሩን እያወቀች ለሰይፈ ሳትነግረው ቀናት አለፉ። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መናገር ሌላ ነው። አንድ ጠዋት ሰይፈ ደጅ ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ መጫኛ ሲቀጥል አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ሰይፈ፣ ቆቡን አልጭንም።»

እጁ ከገመዱ ላይ ቆመ። «አባ ባምላኩ ምን አሉ?»

«ገና አልነገርኋቸውም። እግዜር አልጠራኝም ሰይፈ። እኔ ነኝ የሸሸሁት።»

ከዚያ ነገረችው። ፊቱን ሳታይ፣ አጥሩን እያየች፣ ከነዶው ሸክም ጀምራ እስከ ስኳሩ ድረስ ነገረችው። ሰይፈ ስትጨርስ ያምምሻል ወይ አላት። አያምም፣ ይከብዳል አለች። ከመቼ ጀምሮ አለ። ከምስክር ጀምሮ አለች። ምስክር ያኔ ጎረምሳ ሆኖ ቡሬ ይማራል። ሰይፈ የልጁን ዕድሜ በጣቱ ቆጠረ።

«ለላሚቱ ጋቢዬን ሳልለብስ ጅጋ ድረስ ሮጥሁ» አለ። «ላንቺ የማልሮጥ መስሎሽ ነው?»

ካሳነሽ አጠገቡ ተቀምጣ የመጫኛውን ሌላ ጫፍ ያዘችለት።

ለቄስ ባምላኩ ሁለቱም አብረው ሄደው ነገሯቸው። ቄሱ ዝርዝሩን አልጠየቁም። የቆቡን ጨርቅ ለደብሩ ድሃ ይስጡት አሉና፣ ሰይፈን ቀረት አድርገው፣ ሐኪም ዘንድ ስትወስዳት ጎኗ አትለይ አሉት።

ፍኖተ ሰላም አብረው ሄዱ፤ ካሳነሽ ቀለበቱን መረጠች። ሐኪሙ ቀለበቱን ሊያስገባላት ሲል ካሳነሽ በመጀመሪያ በእጄ ልየው አለች። ጨመቀችው፣ አገላበጠችው፣ ዝገት ይይዘው እንደሆነ፣ ይጠፋ እንደሆነ፣ እያወጡ ያጥቡት እንደሆነ ጠየቀች። ሐኪሙ ለሁሉም መለሰላት፤ በየቀጠሮው ሲመጡ ይታያል፣ ይታጠባል አላት። ቀለበቱ ገብቶ ስትቆም የሚወርድ አልነበረም። እስከ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች። ደግማ ሄደች። በሩ ላይ የቆመው ሰይፈ ምነው ሲላት፣ ቆይ እስቲ ልየው አለችው።

ከዚያ ወዲያ ውኃው የሰይፈ ሆነ፤ በአህያ በጀሪካን ይቀዳል። ወንዝ ላይ ያገኙት ወንዶች ማን አግብቶህ ነው ሰይፈ እያሉ ይተርቡታል። እሱ የወደደችኝ ይላቸዋል። ካሳነሽ መኝታዋን ከመደቡ አንስታ ወደ አልጋው መለሰች። ከጎረቤት ሴቶችም አንዳንዶቹ፣ እነዚያው በማስነጠሷ ያፌዙባት፣ እንጨት ለቀማ ላይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ማለት ጀመሩ፤ እሷም አፍራ አታሳፍራቸውም፤ አንዷን ራሷ ይዛት ሠርክአዲስ ዘንድ ሄዳለች።

በቀለበቱ ጥቂት ዓመት ቆየች። በኋላ ቀጠሮ ላይ ለመድረስ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ አስቸገራት፤ መርጣ ቀዶ ሕክምናውን አደረገች። ዳነች። ከባድ ሸክም ግን ዳግመኛ አትንኪ ተባለች። ገጠር ተቀምጦ ሸክም አለመንካት ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ሰይፈ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ፣ ዳልቻዋን ላም ለትልቁ ልጃቸው ተወለት፣ ሁለቱም ከቀዬው ወጡ።

ካሳነሽ፣ እስከሚታወቀው ድረስ፣ አሁን ቡሬ ናት። ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ምስክር በተከራየው ግቢ ውስጥ፣ ከሰይፈ ጋር አንዲት ክፍል ይዛ ትኖራለች።